መፍቻ ያልጨበጠ የፊዚክስ ተማሪ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀ ማንኛውም የሳይንስ ተማሪ፣ የፈሳሽ ግፊት ከጥልቀት፣ ከእፍጋትና ከስበት ፍጥንጥነት ብዜት እንደሚገኝ ያውቃል። ቀመሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ ሳይሳሳት ይወጣዋል። ይኸው ተማሪ ግን የቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ በጀመረ ጊዜ ከሥሩ ባሊ አስቀምጦ ሠራተኛ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሠራተኛው ከዘገየም ባሊውን በበርሜል ይተካዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምር በቆየባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ተማሪ ደጋግሞ አይቷል፤ እንዲህ ያለውን መምህርም እንዲሁ። የማቀርበው አስተያየት አጭር ነው። የሳይንስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ የቤቱን ቧንቧ በገዛ እጁ ፈትቶ መግጠም ይኖርበታል።

ምክንያቱ የሠራተኛ ክፍያን መቆጠብ አይደለም። አንድ ቀመር ትክክል መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማረጋገጥና ያ ቀመር መዳፍን ሲገፋ መሰማት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። በትምህርት ቤቶቻችን የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት እንዳለብን እናውቃለን፤ በየስብሰባውም እናማርራለን። ሆኖም ግፊት፣ ሰበቃ፣ የወለል ውጥረት፣ የብረት ዝገትና የሙቀት መለጠጥ በአንድነት የሚታዩበት ሥፍራ ቧንቧ በገባለት ቤት ሁሉ ከሲንኩ ሥር አለ።

የምኖረው በአቃቂ በሰቃ ነው። ከአራት ኪሎ ተነስቶ በቃሊቲ በኩል ወደ አቃቂ የሚወርድ ሰው ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውኃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ለገዳዲ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ድሬ ደግሞ በ1999 የተሠሩ ናቸው። የአቃቂው ውኃ ከእግራችን ሥር ካለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ወጥቶ በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ወደ ከተማው ይጓዛል። እኛ ግን ከጉድጓዶቹ አጠገብ ተቀምጠን ውኃ በፈረቃ እንጠብቃለን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት በሰፈራችን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ውኃ 300 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት 1,000 × 9.8 × 300፣ ማለትም 2.94 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ይህም ከ0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ፓምፑና ሞተሩ ከተቀበሉት ኤሌክትሪክ ውስጥ ከመቶ 65 እጁን ብቻ ለሥራ ያውሉታል ብንል ወጪው ወደ 1.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። የጉድጓዱ ጥልቀትና በመስመሩ ውስጥ ያለው ሰበቃ ገና አልተቆጠሩም። እንግዲህ መርካቶ ወይም ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ኤሌክትሪክም አብሮ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታዎች ይጥላል። የአንዱን ጠብታ መጠን ከመጽሐፍ አትፈልጉት፤ 200 ጠብታ በብርጭቆ ሰብስባችሁ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩና ለ200 አካፍሉት። ከሐኪም ቤት ጠብታ ትልቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ለምን እንደሆነም የቧንቧው አፍ ስፋትና የወለል ውጥረት ይነግሯችኋል።

የግፊት ትምህርት በአገራችን ታሪክም ውስጥ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1894 ገደማ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውኃ በቱቦ አስገብቶ ነበር። ዘመኑ ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ (እ.ኤ.አ. 1917) ከ20 ዓመታት በላይ የቀደመ ነው። ውኃው ከተራራው ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲወጣ ያየ ሕዝብ እጅግ ተደነቀ፤ ግጥምም ተገጠመለት። ውኃ ሽቅብ ሊሄድ የቻለው ግን ምንጩ ከመድረሻው በላይ ስለነበረ ብቻ ነው። ይህንኑ ሕግ ግንበኞቻችን በየቀኑ ይጠቀሙበታል። በውኃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ይዘው የግድግዳን ሁለት ማዕዘናት ያስተካክላሉ። መሣሪያውን «ውኃ ልክ» ይሉታል፤ ቃሉም ከግንብ ሥራ አልፎ ለማንኛውም ትክክለኛ ነገር መለኪያ ሆኖ በቋንቋችን ገብቷል። ተገናኝተው የቆሙ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ከፍታ ይይዛል የሚለውን ሕግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ግን አይጠቅሱትም።

በፈረቃ የሚኖር ቤተሰብ የመጀመሪያው ትልቅ የቧንቧ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሮቶ መግጠም ነው። በዚህ ረገድ ከተማሩ ሰዎች ጭምር የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። «የሻወራችን ግፊት ደካማ ስለሆነ 1,000 ሊትሩን በ2,000 ሊትር ልንለውጠው ነው» ይላሉ። ግፊት የሚወሰነው በውኃው ወለል ከፍታ እንጂ በውኃው ብዛት አይደለም። ሮቶው በ3 ሜትር ማማ ላይ ተቀምጦ የሻወሩ ራስ 2 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲቃረብ ሻወሩን የሚገፋው የ1 ሜትር ውኃ ብቻ ነው፤ ይህም የአንድ ከባቢ አየር ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ትልቁን ሮቶ መግዛት ያንኑ ደካማ ግፊት ለረጅም ጊዜ ያቆይልናል፤ አይጨምርልንም። ማማውን በ2 ሜትር ማሳደግ ግን ግፊቱን በሦስት እጥፍ ያሳድገዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን መሆኑን አስቦ የማማውን እግሮች ያጠንክር። በአቃቂ መረሬ አፈር ላይ የቆመ ማማ ደግሞ ጠንካራ መሠረት ያስፈልገዋል፤ መረሬ በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃልና።

ከግፊት ቀጥሎ የሚመጣው የቱቦ ስፋት ነው። ገበያ ወጥቶ «ግማሽ ኢንች» የተባለ የጋልቫናይዝድ ብረት ቱቦ ገዝቶ በማስመሪያ የለካ ተማሪ ይገረማል። የውጭው ስፋት 21 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ ደግሞ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ስሙ ከጥንት የቀረ ልማድ እንጂ ልኬት አይደለም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆነው የሚሸጡት የፒፒአር ቱቦዎች በተቃራኒው የሚጠሩት በውጭ ስፋታቸው ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር የተባለው ወፍራም ግድግዳ ስላለው ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ውኃ በቱቦ ውስጥ እየተናወጠ በሚፈስበት ሁኔታ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት የሚያልፈው መጠን ከስፋቱ ሁለት ተኩል ርቢ ጋር በግምት አብሮ ያድጋል። ከሮቶ የሚወርደውን ዋና መስመር ከግማሽ ኢንች ወደ ሦስት ሩብ ኢንች ያሳደገ ሰው ውኃው ከእጥፍ በላይ ሲሆንለት የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ደካማ ግፊት ላለው ቤት ከፓምፕ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው።

አሁን ወደ መፍቻው እንምጣ። በሰፈራችን በቧንቧ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ባለሙያ አሉ። አንድ ቀን ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ቴፍሎኑን ሁልጊዜ በዚህ አቅጣጫ የሚጠመጥሙት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዶክተር፣ በወዲያኛው ብጠመጥመው ስገጥመው ይፈታብኛላ» አሉኝ። የቱቦውን ጫፍ ወደ ራሳችን አዙረን ስናየው፣ ቴፍሎኑ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ መጠምጠም አለበት ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ረጅም መፍቻ ይዞ የነበረውን ረዳታቸውን ተቆጡት፤ «ረጅም መፍቻ ጉልበት ይሰጥሃል እንጂ ልክ አይሰጥህም» አሉት።

የአዛውንቱን ቁጣ በቁጥር እንየው። የግማሽ ኢንች ቱቦ ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በአንድ ሙሉ ዙር የሚገባው 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ የያዘ እጅ በዚያው ዙር 1.57 ሜትር ይጓዛል። ሰበቃ ባይኖር ኖሮ የእጃችን ኃይል ከ850 ጊዜ በላይ ይባዛ ነበር። በ100 ኒውተን የገፋ ሰው ከ85,000 ኒውተን በላይ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ሰበቃ አብዛኛውን ቢበላውም የሚተርፈው ብዙ ሺህ ኒውተን የነሐስ ቧንቧን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ፕላስቲክማ ምኑ ይወራል። መፍቻውን በእጥፍ ማስረዘም ይህን ሁሉ በእጥፍ ያባዛዋል። ጀማሪ ሁሉ ውኃ እንዳያፈስ በመፍራት አጥብቆ ያስራል፤ የሚያፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእጅ እስኪጠብቅ ማዞር፣ ከዚያም በመፍቻ አንድ ወይም ሁለት ዙር መጨመር ይበቃል።

ቴፍሎን ማጣበቂያ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም፤ ከምናውቃቸው ጠጣር ነገሮች ሁሉ በጣም ከሚያሟልጩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕለንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመረምር በአጋጣሚ ያገኘው ነው። በቧንቧ ጥርስ ላይ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፤ ሰበቃን ቀንሶ ጥርሱ በጥልቀት እንዲገባ ያደርጋል፣ የቀረውንም ክፍተት ይሞላል። አሮጌ ዝገትና ያረጀ ቴፍሎን ሳይጸዳ አዲስ ቢጠመጠምበት ግን ምንም አይረዳም።

ሥራው ሲያልቅ መዝጊያውን ቀስ ብሎ መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህም ምክር የራሱ ፊዚክስ አለው። በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውኃ በድንገት ቢገታ፣ በብረት ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት ማዕበል 13 ከባቢ አየር ያህል ሊደርስ ይችላል። ቧንቧ በኃይል ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ የሚሰማው ድብደባ ይኸው ነው፤ ባለሙያዎች የውኃ መዶሻ ይሉታል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የሞስኮን የውኃ መስመሮች መርምሮ ቀመሩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። የግፊቱ ለውጥ የእፍጋት፣ በቱቦው ውስጥ ያለው የድምፅ ፍጥነትና የውኃው ፍጥነት ለውጥ ብዜት ነው። በፒፒአር ቱቦ ግድግዳው ስለሚለጠጥ ድብደባው ይለዝባል። ፒፒአር ግን በተራው ሌላ ጣጣ አለው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው የፒፒአር መስመር ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 4.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ብረት ቢሆን 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በየግድግዳው ላይ እንደ እባብ ተጠማዝዘው የምታዩአቸው ቱቦዎች ፀሐይ ያስረዘመቻቸው ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ፍሳሽ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከቱቦ ወደ ውጭ የሚወጣውን ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀዳዳው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ዋናው መስመር ተዘግቶ በዝቅተኛው ሥፍራ ያሉ ቤቶች የቀረውን ውኃ ሲቀዱ፣ ከፍ ባለው ሥፍራ ያለው ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከከባቢ አየር በታች ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ቧንቧውን የከፈተ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲመጠጥ ይሰማዋል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ በጎርፍ ወይም በፍሳሽ ውኃ ውስጥ ከተቀበረ ደግሞ የሚመጠጠው እሱ ነው። ውኃው በተመለሰ ጊዜ የመጀመሪያው ብርጭቆ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የአንድ ጓሮ ቀዳዳ የገባው ቆሻሻ የሚጠጣው በዚያ ጓሮ ውስጥ ባሉ ሕፃናት ብቻ አይደለም፤ ከመስመሩ የሚቀዳ ጎረቤት ሁሉ ይካፈለዋል።

ከቧንቧ አፍ ተነስቶ የልብስ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ የተነከረ ጎማም እንደዚሁ ነው። መስመሩ ሲደርቅ በርሜሉ ውስጥ ያለው የሳሙና ውኃ ወደ ኋላ ይመጠጣል። መፍትሔው አንድ ብር አያስወጣም፤ የጎማው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታሰር፣ አየር በመካከል ይግባ። ቼክ ቫልቭ መግጠምም ይቻላል፤ በላዩ ላይ ያለው ቀስት የውኃውን መሄጃ ያሳያል። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስም የመጀመሪያውን ለመጠጥ አለማዋል ተገቢ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነውር አለ። አንዳንድ ቤቶች ፓምፕ ገዝተው በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር ያገናኙታል። ይህ የጎረቤትን ድርሻ መውሰድ ነው፤ ከዚያም አልፎ የሰፈሩን ቱቦ ሆን ብሎ መምጠጥ ነው። ፓምፕ ውኃን «ይስባል» ሲባል በእርግጥ የሚሆነው ከባቢ አየር ከውጭ መግፋቱ ነው። በባሕር ወለል ይህ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን 10.3 ሜትር ውኃ ያነሳል። በአቃቂ ከፍታ ግፊቱ ወደ 79 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ፓምፕ በእኛ ሰፈር ከላይ ሆኖ ከ8 ሜትር በላይ ሊስብ አይችልም፤ በተግባርም 6 ሜትር ካገኘ ጥሩ ነው። የውጭ አገር መመሪያ አንብበው ፓምፕ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን መቀነስ ይኖርባቸዋል። ትክክለኛው አሠራር ዋናው መስመር በራሱ ግፊት መሬት ላይ ያለ ታንከር እንዲሞላ፣ ፓምፑም ከዚያ ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ እንዲገፋ ማድረግ ነው።

«ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የፊዚክስ ተማሪ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ባለሙያውን ከሥራው ላፈናቅል አልተነሳሁም። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር ማንም ሰው ሊነካው አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያም ለሚያውቀው ይተው። ተራ ቧንቧ መለወጥ፣ ያለቀች የጎማ ቀለበት መተካት፣ የሲንኩን ሲፎን ፈትቶ ማጽዳት ግን የማንም ነው። ከዚህ በላይ የሆነውን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው እንኳ ምን እየተሠራለት እንደሆነ ሊረዳ ይገባል።

ከተቃውሞው ጀርባ ግን የቆየ በሽታ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን ስንንቅ ኖረናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ዛሬም ከምሩቃን መካከል እጁ ዝገት ሲነካው የሚያፍር አይጠፋም። ዶክትሬቴን በሠራሁበት ዩኒቨርሲቲ የቫኩም መስመር ሲያፈስ መጀመሪያ ወለሉ ላይ የሚተኛው አማካሪዬ ነበር፤ መፍቻ ከኪሱ አይለይም። ተማሪዎቹም ነገሩን እንደ ትሕትና ሳይሆን እንደ ተራ የሥራ ቀን ይቆጥሩት ነበር። በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ እንደ ተቋቋመ የሚያውቅ ተማሪ ምን ያህል ይሆን? መፍቻ የሚሠራ ፋብሪካ በተቋቋመበት ሰፈር መፍቻ የማይዝ የሳይንስ ተማሪ መብዛቱ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ለፋኩልቲዎች የማቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት አይጠይቅም። አሥር ሜትር ብርሃን አስተላላፊ ጎማ፣ አንድ የግፊት መለኪያ፣ ጥቂት የብረትና የፒፒአር ቱቦ፣ ሁለት መፍቻና አንድ አሮጌ ቆጣሪ ለመጀመሪያ ዓመት የፈሳሽ ትምህርት ሙሉ ቤተ ሙከራ ይሆናሉ። ጎማውን በደረጃ ላይ ከፎቅ ወደ ታች ዘርግቶ ግፊቱን በየፎቁ መለካት ብቻውን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አስተማሪ ሆኖም ከመንደራችን ባለሙያዎች አንዱ ቢጋበዝ ደስ ይለኛል፤ ክፍያውም እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር ይሁን።

እስከዚያው ግን ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ይህን ሞክሩ። በቤታችሁ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ፣ የሮቶውን መሙያ መዝጊያ ጭምር ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ቀይ አኃዝ ጻፉት። ማለዳ ተነስታችሁ የምታነቡት ቁጥር ከማታው የተለየ ከሆነ ከቆጣሪው ጀምሮ ያለውን መስመር በየመዝጊያው እየለያችሁ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጉ። ፍለጋው ረዝሞ የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ቢያልፋችሁ፣ ከእኔ ክፍል የሆናችሁትን ቁጥሮቹን ይዛችሁ እስከመጣችሁ ድረስ ቀሪ አልጽፍባችሁም።